ከቃጭሉ በኋላ

ለተንሳኤ እልል ያለችው ሐሙስ ማታ ነው፤ ዓርብ ጠዋት ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ሲኞራ ኢዳ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አሳርፈው፣ ወተቱ ፊታቸው እየቀዘቀዘ፣ ጮክ ብለው አነበቡላት።

«‹የሙዚቃ ደራሲው ብርሃነ ሥላሴ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ሮማን አስደነገጣት› ይላል። ስሚ፣ ስሚ እንጂ! ‹ሙዚቀኞቹ ዝም ባሉበት ሰዓት ደራሲው ተመልካቹ መሀል ደብቆ ያስቀመጣት የአንዲት ሴት ድምፅ እንደ መብረቅ ተነሣ። እንዲህ ያለ ድፍረት በዘመናችን አላየንም።›» አሮጊቷ ጋዜጣውን አጥፈው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ይቺ ሴት አንቺ ነሽ አይደል?»

«ወተትዎ ቀዘቀዘ፣ ሲኞራ።»

«ወተቱን ተይው። ደብቆ አስቀምጦሽ ከሆነ ዓይንሽን ምን አሳበጠው?»

ለተንሳኤ ኩባያውን አንስታ ማድ ቤት ገባች፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችና በውሃው ጩኸት ተሸፍና አለቀሰች። ሰው ተመስግኖ እንዲህ የሚያለቅስ ካለ እሷ ናት።

ደብቆ ያስቀመጣትማ ማንም የለም።

ለተንሳኤ ሮማ ኤስኲሊኖ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ጀርባ፣ ሲኞራ ኢዳን መጦር ከጀመረች ሰንብታለች። ብርሃነ ሥላሴ ደግሞ የዚያው ሕንፃ ጣራ ሥር ባለች ክፍል ይኖራል። ካህን ሊሆን ከአገር ቤት መጥቶ፣ የካህናት ማሠልጠኛውን፣ የሴሚናሪውን ኦርጋን አንድ ቀን ከነካ በኋላ ልቡ ወደ ቅስናው አልመለስ ያለው ሰው ነው። ለልጆች ፒያኖ ያስተምራል፤ በተረፈው ሰዓት ለትልልቅ ኦርኬስትራ የሚሆን ሙዚቃ ይጽፋል።

የተዋወቁት በጠብ ነው። ከላይ አንዲት ዜማ እየተደጋገመች ሲኞራን እንቅልፍ ብትነሳቸው፣ ለተንሳኤ መጥረጊያዋን እንደያዘች ደረጃውን ወጥታ በሩን ደበደበች። በጣልያንኛ ልትሳደብ አፏን ስትከፍት ሰውየው የአገሯ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወይ ጨርሳት ወይ ተዋት!» አለችው።

«መጨረሻዋ ጠፍቶኝ እኮ ነው፤ ታውቂው እንደሆን ግቢና ንገሪኝ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ከሰዓት፣ የቤት ሠራተኛ ሁሉ በሚያርፍበት ቀን፣ የሚፈልጋቸው ሰው አብረው ያገኛቸው ነበር። እሱ ተምሯል፤ እሷ ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም። እሱ ስለ ሙዚቃ ሲያወራ እሷ ግማሹ አይገባትም፤ የማይገባትን ግን «አልገባኝም» ትለዋለች እንጂ ራሷን አትነቀንቅለትም። እሱም ይህን ነበር የሚወድላት።

ጋዜጠኞቹ ግን ብርሃነን አልወደዱለትም። የመጀመሪያ ሥራው ሲቀርብ «እኛን ይኮርጃል፤ የአፍሪካ ሽታ የለውም» ብለው ጻፉ። በሁለተኛው ከበሮና ጸናጽል ቢያስገባ «አፍሪካነቱ በዛ» አሉ። ስለ ሦስተኛው ግን የጻፈ ሰው አልነበረም፤ የከፋውም ያኔ ነው።

«መሰደብ ይሻላል ለቴ» አላት ባዶውን ጋዜጣ እያገላበጠ። «የሰደበህ ሰው መኖርህን አውቋል።»

«ስድብ ካማረህ እኔ አለሁልህ» አለችው፣ የጃኬቱን ቁልፍ እየሰፋችለት። ጥቁር ክር አልቆባት ነበርና ሁለተኛዋን ቁልፍ በሰማያዊ ክር ሰፋቻት። እሱም አላስቀየረም።

ያ ሐሙስ የቀረበው ሥራ «ቃጭል» ይባላል። ለተንሳኤ እንዲያ ያለ አዳራሽ ገብታ አታውቅም። ነጠላዬን ልልበስ አልልበስ ስትል ቆይታ ለበሰችና በቀዩ ከፋይ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሙዚቃው መጀመሪያ ላይ ጆሮዋን አስጨነቀው፤ ኋላ እየለመደችው መጣች። ቫዮሊኖቹ እየቀነሱ፣ እየቀነሱ፣ እንደ ሻማ ጭስ ቀጥነው ጠፉ። ከኋላ የቆመ አንድ ሰው ትንሽ ቃጭል አንስቶ ነቀነቀ። ከዚያ ዝም።

ይህችን ዝምታ የአገራችን ሰው ያውቃታል። ታቦት ከመቅደስ ሊወጣ ሲል ቃጭሉ ይደወልና ሕዝቡ እስትንፋሱን ይውጣል፤ የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ዝም ይላል። ታቦቱ ብቅ ሲል ደግሞ ሴቱ በእልልታ ይቀበላል። ለተንሳኤ አላሰበችም። አገሯን ከለቀቀች ወዲህ እንዲያ ያለ ዝምታ ደረቷ ገብቶ አያውቅም፤ አሁን ሲገባ አንገቷ ራሱ ቀና አለ፣ ምላሷ ራሱ ተፈታ፣ እልልታዋም ጣራው ድረስ ወጣ።

አዳራሹ በሙሉ ዞረባት። የት እንዳለች የገባት ያኔ ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ተመኘች። ሙዚቃው ሲያልቅ ግን ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው አልቆም አለ።

አዋረድኩት ብላ ይቅርታ ልትለው ከደረጃው ሥር ጠበቀችው። ብርሃነ በሰው ተከቦ ወጣ። ቤልትራሚ የሚባለው ጋዜጠኛ፣ ያ ሦስተኛውን ሥራ አይቶ እንዳላየ ያለፈው፣ ክንዱን ጨብጦ፣ «ሴትዮዋ ማነች? ከየት አመጣሃት?» አለው።

የብርሃነ ዓይን ለተንሳኤ ላይ አረፈ። አያት፤ በደንብ አያት።

«ድምፅ ነች» አለ። «ለዚያች ቦታ የመረጥኳት ድምፅ።»

የለተንሳኤ ጣልያንኛ የማድ ቤት ጣልያንኛ ነው፤ ለዚህ ግን በቂ ነበር። ወዳጄ ነች ቢል ምን ነበረበት? ጎረቤቴ ነች ቢል እንኳ ጎረቤት ሰው ነው። ድምፅ! ትራሙን አልጠበቀችም። በእግሯ ሄደች፤ መንገዱ ረዘመባት ሳይሆን አጠረባት፤ ለቅሶዋን ሳትጨርስ ደረሰች።

*

ከዚያ ቀን በኋላ የላይኛው ክፍል ፒያኖ ዝም አለ። ብርሃነ ወርዶ በር ያንኳኳል፤ ለተንሳኤ አትከፍትም።

«ፒያኖው ሲጮህ እንቅልፍ አጣሁ፣ አሁን ደግሞ ዝም ሲል አጣሁ» አሉ ሲኞራ ኢዳ። «ከእናንተ ጋር እንዴት ነው የሚኖረው?»

ማክሰኞ ለተንሳኤ ሲኞራን በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋች፣ ከገበያው የገዛችውን ሽምብራና ድንብላል ከወንበሩ ጀርባ አንጠልጥላ፣ በፒያሳ ቪቶሪዮ አትክልት ሥፍራ ታልፍ ነበር። ብርሃነ ከዘንባባው ሥር ብድግ አለ።

«ለቴ! ስንቴ በር አንኳኳሁ።»

«ድምፅ በር አይከፍትም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «አጥፍቻለሁ። ደንግጬ ነው። ያ ሰውዬ ፊቴ ቆሞ ዓይኑ ሲያበራ... እንዲያ አድርጎ ያየኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ...»

«እኔማ ዓይን የለኝም። ቀጥል።»

ብርሃነ ቀጠለ፤ ባይቀጥል ይሻለው ነበር። «በሚመጣው ሐሙስ ሥራው ይደገማል። ቶሪኖ ካለው ፌስቲቫል ሰዎች መጥተው ይሰሙታል። ከወደዱት ትልቅ ሥራ ሊሰጡኝ ነው፤ ስጠብቀው የኖርኩትን። እነሱ ግን የሰሙት ስለዚያ... ስለ እልልታው ነው። አንዴ ብቻ፣ ለቴ። አንዴ ብቻ ብትመጪልኝ።»

ለተንሳኤ የወንበሩን ፍሬን ረገጠችና ቀጥ ብላ ቆመች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምትፈልገው እልልታዬን ነው ወይስ እኔን?»

ብርሃነ አፉን ከፈተ። እርግቦች ከመሬት ተነሥተው ዛፉ ላይ ሰፈሩ፤ እሱ ገና አልተናገረም።

«አሎራ፣ እንግዲያስ» አለችው ቀስ ብላ። «መልሱ ደረሰኝ።»

ፍሬኑን ለቃ ወንበሩን ገፋች። አማርኛ የማይሰሙት ሲኞራ ኢዳ ከተሽከርካሪው ላይ ቀና አሉ። «ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም፣ ሲኞራ» አለች። «ያመመኝ እሱ ነው።»

*

ሐሙስ ከሰዓት ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካለችው የሐበሾች ካፌ ከአመተ ማርያም ጋር ተቀመጡ። አመተ ማርያም ለተንሳኤን ሮማ ስትገባ ተቀብላ ሥራ ያስገባቻት፣ የመጀመሪያ ፔርሜሶዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ለማውጣት አብራት የተሰለፈች፣ እንደ ታላቅ እኅት የምታያት ሴት ናት። ወሬውን እስከ መጨረሻው ሰማችና ሻዩን ፉት አለች።

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ካደኝ እኮ እትዬ! ሰው ፊት ካደኝ።»

«ጴጥሮስስ አልካደም? ይኸው እዚችው ከተማ ያን የሚያህል ቤተ ክርስቲያን ሠርተውለት ዓለም እየመጣ ይሳለመዋል።»

«ጴጥሮስ ዶሮ ሲጮህ ወጥቶ አለቀሰ» አለች ለተንሳኤ። «የኔው ግን ጋዜጣ ሲጮህለት እልልታሽን ድገሚልኝ አለኝ።»

አመተ ማርያም ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ለተንሳኤም ሳትወድ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ተመልሶ እንባ ሆነ። አመተ ማርያም እጇን ያዘችላት።

«ስሚኝ እታለም። አንቺ እልኸኛ ነሽ፤ እልኽ ደግሞ አልጋ አያሞቅም። ዛሬ ሂጂና ፊቱን እዪው። እልል በይ አላልኩሽም፣ አፍሽን ጥርቅም አድርገሽ ተቀመጪ። ዳግመኛ ከካደሽ በጫማዬ የምመታው እኔ ነኝ።»

«ዶሮው እስኪጮህ ልጠብቀው ነው?»

«የሮማ ዶሮ ዘግይቶ ነው የሚጮኸው። ሂጂ!»

*

ነጠላዋን አልለበሰችም። ጥቁር ካፖርቷን አጥልቃ፣ ራሷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ከላይ ሰገነቱ ላይ ከምሰሶ ጥግ ተቀመጠች። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊቷ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች «ድምጿ ከየት በኩል ይሆን የሚመጣው?» እያሉ አንገታቸውን ያዞራሉ። ሁሉም ሊሰማት መጥቷል፤ ማንም ግን አያውቃትም። ለተንሳኤ ይህን ስታይ ሻርፗን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች።

ሙዚቀኞቹ ቦታቸውን ሲይዙ ብርሃነ ወደ መድረኩ ወጣ። ከመጀመሩ በፊት ደራሲው ጥቂት ቃል የሚናገርበት ልማድ አላቸው። ወረቀት አልያዘም። ያቺ ጃኬት ናት፤ ከሰገነቱ ባይታይም ለተንሳኤ ሰማያዊዋን ክር በልቧ አየቻት።

«ባለፈው ሐሙስ የሰማችሁት ድምፅ» አለ በጣልያንኛ፣ «የኔ ድርሰት አልነበረም። ደብቄ ያስቀመጥኳት ሴትም የለችም። ስጠየቅ ዋሸሁ። እኔ የጻፍኩት ዝምታውን ብቻ ነው፤ ዛሬም የምትሰሙት እሱን ብቻ ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከፊት የተቀመጡት የቶሪኖዎቹ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ብርሃነ ሊወርድ አንድ እርምጃ ተራመደና ተመለሰ። ከዚያ፣ አንድም ሰው በማይሰማው ቋንቋ፣ ጮክ ብሎ፣ በአማርኛ ተናገረ።

«ለቴ፣ መጥተሽ እንደሆን አላውቅም። ከመጣሽ እልል እንዳትይልኝ። ዝም ብለሽ ብቻ ተቀመጪልኝ።»

ከፊቷ ያለችው ሴትዮ «ምን አለ?» ስትል ጓደኛዋ «ጸሎት ይመስለኛል» አለቻት።

ሙዚቃው ተጀመረ። ቫዮሊኖቹ ቀነሱ፣ ቀጠኑ፣ ጠፉ። ሰውየው ቃጭሉን ነቀነቀ።

ዝም።

ሕዝቡ ጠበቀ። ያን ሁሉ ቃል ሰምተውም ጠበቁ፤ የሰው አንገት ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ። አንድ ሰው ሳለ። ወንበር ተንቋቋ። ከፊተኛው ረድፍ መሀል አንድ አንገት ብቻ አልዞረም። ብርሃነ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን ያያል፤ ማጅራቱ ላይ ያለችው ሽበት ሳትነቃነቅ። ከንፈሯ ተከፍቶ ነበር፤ ገጠመችው። የጠየቃትን እየሰጠችው እንደሆነ እሱ አያውቅም፤ እሷ ግን ታውቃለች። በዚያች ዝምታ ውስጥ ተቆጥታው የነበረው ቁጣ ሁሉ ከውስጧ ቀለጠ፤ እንዳያልቅባትም ፈርታ ነበር፣ ያለ ቁጣ እንዴት ከእሱ እንደምትሸሽ አታውቅምና።

ጭብጨባው ቀጭን ነበር።

ለተንሳኤ ደረጃውን ስትወርድ ቤልትራሚ ብርሃነን ይዞት ነበር። «ያሳዝናል» ይለዋል። «ብትዋሽ ይሻልህ ነበር፤ ውሸትህ ከሙዚቃህ ይበልጥ ነበር። ቶሪኖዎቹ ወጥተው ሄዱ።» ብርሃነ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ያኔ ጋዜጠኛው ዘወር ሲል ሻርፗን ከራሷ አውልቃ ከደረጃው የምትወርደውን ሴት አየ፤ ዓይኑ በራ።

«እሷ አይደለችም እንዴ? ድምጿ!»

ብርሃነ ዞረ። ባለፈው ሐሙስ የቆመባት ቦታ ላይ ነው የቆመው፤ እሷም ያቺው ደረጃ ሥር ደርሳለች።

«ድምፅ አይደለችም» አለ። ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ ጮኸ። «ለተንሳኤ ትባላለች። እኔ የምወዳት ሴት ናት። ባለፈው ሐሙስ አንተ ስትጠይቀኝ አፈርኩባት፤ ማፈር የነበረብኝ በራሴ ነው።»

ስሟ በዚያ እብነ በረድ ላይ ሲደወል ለተንሳኤ የደረጃውን መደገፊያ ያዘች። ስም እንዲህ ይከብዳል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

*

ትራም ማቆሚያው ጋ ጎን ለጎን ቆሙ። ካፊያ ይላል።

«ቶሪኖ ቀረ» አለች በመጨረሻ።

«ቀረ።»

«ቆጨህ?»

«አዎ፣ ቆጨኝ» አለ፤ አልሸሸጋትም። «እንደ እሳት ነው የቆጨኝ። አንቺ ብትቀሪ ግን ቁጭቱ የሚበርድ አይሆንም ነበር።»

ለተንሳኤ ጫማዋን አየች። «ማክሰኞ ስጠይቅህ ለምን ዝም አልክ? ውሸትም ቢሆን ‹አንቺን› ማለት አቃተህ?»

«መለየት አቃተኝ» አላት። «እልልታሽን ከአንቺ እንዴት ነው የምለየው? ያቺን ዝምታ ስጽፋት ከሷ በኋላ ምን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ አለች፤ መጨረሻዋ ግን ጠፍቶኝ ነበር። መጥረጊያ ይዘሽ የመጣሽ ቀን ታውቂው እንደሆን ንገሪኝ አላልኩሽም? ያን ሐሙስ ነገርሽኝ። ጋዜጠኞቹ ይህን ሁሉ ዓመት ስለኔ ብዙ ጽፈዋል፤ የመለሰልኝ ሰው ግን አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ደግሞ መልሱን ስሰማ ደራሲው እኔ ነኝ አልኩ።»

እንባው በካፊያው ተደባልቆ ወረደ። ለተንሳኤ አየችው። ዶሮው ጮኸ፣ አለች በልቧ።

እጇን ዘርግታ የጃኬቱን ሁለተኛ ቁልፍ ነካችው። ላልቷል። «ይቺ ልትወድቅብህ ነው» አለችው።

«ጥቁር ክር ይኖርሻል?»

«አለኝ። ግን በሰማያዊው ነው የምሰፋልህ።»

ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። «ለቴ፣ እዚህ አገር ሽማግሌ የምልክበት ዘመድ የለሽም። ሲኞራ ኢዳ ዘንድ ብልክስ?»

«ሲኞራ እሺ የሚሉህ ይመስልሃል? ‹እንቅልፍ የነሳኝ ሰውዬ!› ነው የሚሉህ።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ፒያኖህ ዝም ካለ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ አልተኙም» አለች፤ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች፣ ፈገግታዋን እንዳያይባት። «ላክ። እኔ ከውስጥ ሆኜ አስተረጉማለሁ። ቫ ቤኔ፣ እሺ?»

ብርሃነ እጇን ያዘ። ከወዲያ ከመታጠፊያው ትራሙ ብቅ አለና ደወሉን ደወለ፤ ቅጭል፣ ቅጭል። ከዚያ መንገዱ ዝም አለ፤ ካፊያው እንኳ ዝም ያለ መሰለ። ለተንሳኤ ያቺን ዝምታ አወቀቻት። አንገቷ ቀና አለ።

እልልታዋ ከሐዲዱ ላይ ተነሥቶ ግድግዳውን እየታከከ ወጣ። መስኮት ተከፈተ። የትራሙ ሹፌር ራሱን አወጣ። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም እንዲያጨበጭብ አልፈለገችም።

«ይቺን ግን» አለችው፣ ትንፋሿ ሲመለስላት፣ እጁን ሳትለቅ፣ «ወረቀት ላይ እንዳታሰፍራት። ይቺ ያንተ ናት።»

ትራሙ ሳይሳፈሩበት አለፈ። ብርሃነ ሥላሴ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ስለሱ ነገ ጋዜጣው ምን እንደሚል ሳያስብ፣ የሚወዳት ሴት እጅ ውስጥ እጁን ትቶ ቆመ፤ ለተንሳኤም የእጁ ሙቀት ቀስ እያለ እስከ ክንዷ ሲወጣ ተሰማት።